ለሕፃናት በየቀኑ የቪታሚን መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋልን?

ይህ ጽሑፍ በየክልሉ፥ በየዞኑና በየወረዳው ላሉት የእርሻ ሹማምንት የቀረበ ነው። ስለ ቪታሚን የሚናገር ነገር በሐኪሞች መጽሔት እንጂ በእርሻ መጽሔት ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቪታሚን አስቀድሞ የሚገኘው በገበሬው ጓሮ ከሚበቅለው አትክልት፥ ከላሚቱ ወተት፥ ከዶሮዋ እንቁላልና ከሐይቁ ዓሣ ስለሆነ፥ ነገሩ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የእርሻ ሹሙንም በብርቱ ይመለከተዋል።

በሐዋሳ ከተማ፥ እንደ ሌሎቹም ትልልቅ ከተሞቻችን ሁሉ፥ ለልጆች ተብሎ የተሠራ ጣፋጭ የቪታሚን ሽሮፕ በመድኃኒት ቤት ይሸጣል። ልጁ የከሳበት ወይም ምግብ አልበላ ያለው አባት ከዕለት ገቢው ቆርሶ ይህን ጠርሙስ ይገዛል። በገጠር ያለችው እናት ደግሞ ይህንኑ ለመግዛት ስትል ለልጅዋ ሊሆን የሚገባውን እንቁላል ወደ ገበያ ይዛ ትወጣለች። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከፍቅርና ከመልካም አሳብ ነው። ይሁን እንጂ እንቁላሉን ሸጦ ጠርሙሱን መግዛት ልጁን ይጠቅመዋልን ወይስ ይጎዳዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገራለን። ጤነኛ የሆነና ልዩ ልዩ ዓይነት ምግብ የሚያገኝ ሕፃን በየቀኑ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቪታሚን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ነገር ግን በአገራችን ልዩ ልዩ ምግብ የማያገኙ ሕፃናት ብዙ ስለሆኑ፥ የጤና ባለሙያዎች በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ መጠን የሚሰጧቸው መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህን ማስቀረት ልጆችን ለዕውርነትና ለሞት ማጋለጥ ነው። እንግዲህ ያለ ትእዛዝ በየቀኑ የሚጠጣውን ሽሮፕና በሥርዓት የሚሰጠውን መድኃኒት ለይቶ ማወቅ ይገባል። ከሁለቱም በላይ ግን ዘላቂው መፍትሔ በጓሮ የሚተከለው ነው።

ቪታሚን ምንድር ነው?

ሰው ኃይል የሚያገኘው ከእህል፥ ከሥራ ሥርና ከቅባት ነው፤ ሰውነቱ የሚገነባው ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከእንቁላል፥ ከወተትና ከጥራጥሬ ነው። ቪታሚን ግን ኃይልም ሥጋም አይሆንም፤ ሌላው ምግብ በሰውነት ውስጥ ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ የሚያደርግ፥ በጣም ጥቂት መጠን የሚበቃ ነገር ነው። ጥቂት ቢሆንም ሲጠፋ በሽታ ያመጣል።

ይህ ነገር የታወቀው በብዙ ዘመን ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጀምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም፥ ድዳቸው እየደማ በሚያልቁት መርከበኞች ላይ ልዩ ልዩ መድኃኒት ቢሞክር፥ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ቀድመው ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት ክርስቲያን አይክማን የተባለው የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ዶሮዎችን ሲመረምር፥ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ብቻ የበሉት እግራቸው ሲዝል፥ ያልተፈተገውን ሩዝ ሲበሉ ግን ሲድኑ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1912 ካሲሚር ፉንክ የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ፥ በላቲን ቋንቋ ሕይወት ማለት ከሆነው ቪታ ከሚለው ቃል አውጥቶ ቪታሚን የሚለውን ስም ሰጠው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ሊንድም አይክማንም መድኃኒቱን ያገኙት ከምግብ ውስጥ መሆኑን ነው።

ቪታሚኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ኤ፥ ዲ፥ ኢ እና ኬ የተባሉት በቅባት የሚሟሙ ናቸው። የቢ ወገን የሆኑትና ሲ የተባለው ግን በውሃ ይሟሟሉ። በውሃ ከሚሟሙት የሚበዙት ሲተርፉ በሽንት ይወጣሉ፤ ስለዚህ ልጁ በቂ ምግብ እየበላ ሽሮፑን በላይ ቢጨምሩለት፥ የወላጁ ገንዘብ አብሮ ፈሰሰ ማለት ነው። በቅባት የሚሟሙት ግን በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። ይህ መከማቸት መልካምም ክፉም ጎን አለው፤ መልካሙ፥ እንደ ቪታሚን ኤ ያለውን በ6 ወር አንድ ጊዜ ሰጥቶ ልጁን ለወራት መጠበቅ መቻሉ ነው፤ ክፉው ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ መሆኑ ነው።

በሥርዓት ስለሚሰጡት መድኃኒቶች

1ኛ፤ ቪታሚን ኤ። ይህ ሲጎድል ሕፃኑ አስቀድሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይሳነዋል፤ ሕዝባችን ይህን በሽታ ዳፍንት ብሎ ያውቀዋል። ከዚያ የዓይኑ ብሌን ይደርቃል፥ ይቆስላል፥ በመጨረሻም ዓይኑ ይጠፋል። ጉዳቱ በዓይን ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አልፍሬድ ሶመር የተባለው የአሜሪካ የዓይን ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር በኢንዶኔዥያ ባደረገው ምርመራ፥ ቪታሚን ኤ የጎደላቸው ልጆች ዓይናቸው ገና ሳይታወር በኩፍኝና በተቅማጥ ብዙ እንደሚሞቱ፥ ይህንንም ቪታሚን በዓመት ሁለት ጊዜ የተቀበሉት ልጆች ሞት እንደሚቀንስ ተረጋገጠ።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ጉድለቱ በበዛባቸው አገሮች፥ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ወር ለሆኑት ሕፃናት 100,000 ዩኒት አንድ ጊዜ፥ ከ12 እስከ 59 ወር ለሆኑት ደግሞ 200,000 ዩኒት በየ4 ወይም በየ6 ወሩ እንዲሰጥ ይመክራል። በአገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ዕድሜያቸው 2 ዓመት ለሞላቸውም የአንጀት ትል መድኃኒት አብረው ያድላሉ። ይህ ዕደላ ወላጅን ገንዘብ አያስወጣውም። በየቀኑ የሚጠጣ ሽሮፕ ገዝቻለሁና አያስፈልገኝም ብሎ ልጁን ከዚህ ዕደላ የሚያስቀር ወላጅ ቢገኝ፥ ስሕተት መሆኑን ማስረዳት ይገባል።

2ኛ፤ ብረት። ብረት ቪታሚን ሳይሆን ማዕድን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከቪታሚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ እዚህ እናነሣዋለን። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል፤ ደም ያነሰው ልጅ ይደክማል፥ ትምህርትም አይገባውም። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት 100 ሕፃናት 57ቱ ደም ማነስ እንዳለባቸው ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ ከ100 ሕፃናት በ40ና ከዚያ በላይ በሚገኝበት አገር፥ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉት ሕፃናት በዓመት ውስጥ ለ3 ተከታታይ ወራት በየቀኑ ጥቂት ብረት እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ በየቀኑ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጋር ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዛንዚባር ደሴቶች አንዷ በሆነችው በፔምባ የተደረገው ምርመራ ሲታተም፥ ወባ በበዛበት ስፍራ ብረትና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ያለ ልዩነት የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ ለብርቱ ሕመምና ለሞት መጋለጣቸው ታየ። ስለዚህ ወባ በሚገኝበት አገር ብረት የሚሰጠው ወባን ከመከላከልና ከማከም ጋር አያይዞ በባለሙያ ትእዛዝ ነው። ሐዋሳና አካባቢዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኙ፥ ወባም የሚደርስባቸው ስለሆኑ፥ ይህ ቃል ለእነርሱ የተነገረ ያህል ነው። ብረት ያለበትን ሽሮፕ በጎረቤት ምክር ገዝቶ ማጠጣት አይገባም።

3ኛ፤ አዮዲን። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ ከእንቅርቱም የሚብሰው፥ በማኅፀን ያለው ልጅ አእምሮው በሚገባ አለማደጉ ነው። መድኃኒቱ ግን በጠርሙስ ሳይሆን በጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ታዝዟል። ይህን ጨው በተከደነ ዕቃ፥ ከፀሐይና ከርጥበት አርቆ ማስቀመጥ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዮዲኑ ይጠፋል።

4ኛ፤ ቪታሚን ዲ። ይህ አጥንትን የሚያጠነክር ነው። ሲጎድል ሪኬትስ የሚባል እግርን የሚያጎብጥ በሽታ ይመጣል። ፀሐይ በማይበዛባቸው የሰሜን አገሮች ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በየቀኑ ጠብታ ይሰጣል። በእኛ አገር ግን ቆዳችን ከፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራዋል። ነገር ግን ብርድና ዓይነ ጥላ በመፍራት ሕፃኑን ተሸፋፍኖ በጨለማ ቤት ማሳደር ይህን ሀብት ያሳጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፥ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ምርመራ፥ በሳንባ ምች የታመሙ ልጆች ካልታመሙት ይልቅ ሪኬትስ እጅግ እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በፀሐይ አገር ልጆች በፀሐይ እጦት መታመማቸው የሚያሳዝን ነው። ሐዋሳ ከወር እስከ ወር ፀሐይ አላት፤ ሕፃኑን እጅና እግሩን ገልጦ በጠዋት ጥቂት ጊዜ ማሞቅ ዋጋ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ከእነዚህ ሌላ፥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፥ በጽኑ ሕመም የቆዩ፥ በኩፍኝ የተያዙ፥ ወይም ሰውነታቸው እጅግ የከሳ ሕፃናት አሉ። እነዚህ ሐኪም የሚያዝላቸውን ሁሉ ሳያጓድሉ ሊወስዱ ይገባል። ለከሳ ልጅ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የተዘጋጀ ምግብ ግን ቪታሚኑ አስቀድሞ በውስጡ ስላለ፥ በላዩ ሌላ ሽሮፕ መደረብ አያስፈልግም።

ከመጠን ማለፍ ስለሚያመጣው ጉዳት

ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል የሚለው አሳብ በቪታሚን ነገር አይሠራም። ቪታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ ራስን ያሳምማል፥ ያስታውካል፥ የሕፃኑንም ርግብግቢት ያሳብጣል፤ ሲቆይም ጉበትን ይጎዳል። የብረት እንክብል ደግሞ ለእናት የተሰጠው በቤት ተቀምጦ ሕፃን አግኝቶ ብዙውን ቢውጠው ሊገድለው ይችላል። ከረሜላ መስሎ የተሠራው የልጆች ቪታሚንም ልጅ እንደ ጣፋጭ ቆጥሮ ጠርሙሱን ሊጨርሰው ስለሚችል፥ ማናቸውም እንዲህ ያለ ነገር ልጅ በማይደርስበት ስፍራ መቀመጥ አለበት።

የማያስፈልገውን ነገር ገዝቶ ይህን አደጋ ወደ ቤት ማስገባት፥ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት ዓይነት ነው።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል?

በሐዋሳ ዙሪያና በመላው ሲዳማ የሕዝቡ ዋና ምግብ እንሰት ነው። እንሰት ድርቅን የሚችል፥ ዓመት ከዓመት ከጓሮ የማይጠፋ፥ በብዙ የረሀብ ዘመን ሕዝብን ያተረፈ የተከበረ ተክል ነው። ነገር ግን ቆጮውም ቡላውም ኃይል ሰጪ እንጂ፥ ሰውነት የሚገነባውና ቪታሚን ኤ በእርሱ ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። የሲዳማ ሕዝብ ይህን በልምድ ስለሚያውቅ ቆጮውን ከቅቤ፥ ከወተትና ከጎመን ጋር ይበላዋል፤ በቅቤ የራሰው ቡርሳሜ የዚህ ጥበብ ምስክር ነው። ችግሩ የሚመጣው መሬቱ ጠቦ ላሟ ስትጠፋና ቅቤው ወደ ገበያ ሲሄድ፥ ለልጁ ደረቁ ቆጮ ብቻ የቀረ ጊዜ ነው። በደጋው በገብስና በስንዴ፥ በአማራው ምድር በጤፍ፥ በሌላውም ስፍራ በበቆሎ ብቻ የሚያድግ ልጅ እንዲሁ ይጎድልበታል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ሆነው የተገኙት እህል በመታጣቱ ብቻ አይደለም፤ የምግቡ ዓይነት አንድ ብቻ መሆኑ፥ የውሃው ንጹሕ አለመሆንና በሽታም ተባብረው ነው።

ይህን ማወቅ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ እርሱም በኋላ የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ የወጣው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ፥ እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ቪታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ነው። ፋፋ የተሠራበትን አሳብ ልብ ይሏል፤ ቪታሚኑ የገባው በምግቡ ውስጥ ነው እንጂ በምግብ ፋንታ አልተሰጠም።

በሐዋሳ ጓሮና ገበያ የሚገኙት

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ ብዙ ወላጆች በአጠገባቸው ያለውን ሀብት አያስተውሉም። ስለዚህ ጥቂቱን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ዓሣ፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣሉ፤ በአሞራ ገደል ገበያም ይሸጣሉ። ዓሣ ሰውነት የሚገነባ፥ ቪታሚን ዲና ከእንስሳ ምግብ በቀር የማይገኘውን ቪታሚን ቢ12 የሚሰጥ ነው። ለሕፃን ግን አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ፥ በደንብ በስሎ፥ ተፈጭቶ ከገንፎ ጋር መሰጠት አለበት፤ ጥሬ ዓሣ ለሕፃን አይገባም።

እንቁላልና ጉበት፤ አንድ እንቁላል ብዙ ቪታሚኖችን በአንድ ስፍራ ይዟል። ጉበት ቪታሚን ኤና ብረት እጅግ የበዛበት ስለሆነ በሳምንት ጥቂት ብቻ ይበቃል።

ጎመን፥ ካሮት፥ ዱባ፥ ማንጎና ፓፓያ፤ እነዚህ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም ይሰጣሉ። ይህ ቀለም በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ፥ ያለ ቅቤ ወይም ያለ ዘይት ቢበላ ብዙው ሳይጠቅም ያልፋል። የሲዳማ ምድር አቮካዶ የሚበዛበት ነው፤ አቮካዶን ከካሮት ወይም ከጎመን ጋር ፈጭቶ መስጠት በቅቤ ፋንታ ይሆናል።

ቦሎቄ፥ ሽምብራ፥ ምስርና ባቄላ፤ ብረትና ሰውነት የሚገነባ ነገር አላቸው። በእነርሱና በእህል ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዝ ነገር ስላለ፥ ሲዘፈዘፉ፥ ሲበቅሉ ወይም ሲቦኩ እሥራቱ ይላላል። ሎሚ፥ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላም ብረቱ ወደ ደም ይገባል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ለትንሽ ልጅ ከምግብ ጋር ማጠጣት አይገባም። ሲዳማ የቡና አገር ስለሆነች ይህን በተለይ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ስለ ብርቱካንማው ስኳር ድንች

ከሁሉ ይልቅ የእርሻ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ተክል ነው። ገበሬው ሲተክለው የኖረው ስኳር ድንች ሥጋው ነጭ ስለሆነ ቪታሚን ኤ የሚሆነው ቀለም የለውም። የሐዋሳ እርሻ ምርምር ማዕከል በ1997 ዓ.ም. ኩልፎና ቱላ የተባሉትን ሥጋቸው ብርቱካንማ የሆኑ ዝርያዎች አወጣ። ዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል እንደሚገልጸው፥ ከብዙዎቹ ብርቱካንማ ዝርያዎች 125 ግራም የሚሆን ሥር ለአንድ ሕፃን የቀኑን የቪታሚን ኤ ፍላጎት ይሞላል፤ ይህም አንድ ትንሽ ድንች ማለት ነው። በሞዛምቢክና በኡጋንዳ ለገበሬዎች ሐረጉ ከትምህርቱ ጋር ሲሰጥ፥ ሕፃናት የሚያገኙት ቪታሚን ኤ መጨመሩ በምርመራ ታይቷል። ይህን የመሰለ ሥራ የሠሩ አራት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለ አተካከሉ ጥቂት እንናገር። ስኳር ድንች የሚተከለው በዘር ሳይሆን በሐረግ ነው። ከጤነኛ ተክል ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሐረግ ተቆርጦ፥ ግማሹ ከአፈር ውስጥ ገብቶ በመደብ ላይ ይተከላል፤ በ4 ወይም በ5 ወር ይደርሳል። ትልቁ ችግር በበጋ ሐረጉ ደርቆ ዝናብ ሲመጣ የሚተከል መጥፋቱ ነው። ስለዚህ በውሃ ዳር ወይም ከቤት የሚወጣው እጣቢ በሚፈስበት ስፍራ ጥቂት መደብ ለሐረግ ብቻ ማቆየት የግድ ነው። ሌላው ችግር ብርቱካንማው ከነጩ ይልቅ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ደረቁን መምረጣቸው ነው፤ ልጆች ግን ጣፋጭነቱን ይወዱታል። ለቤቱ ሁሉ ካልሆነ ለሕፃናት ብቻ ጥቂት መደብ እንዲተከል ማስረዳት ይበቃል። ሲቀቀልም ከነልጣጩ፥ ድስቱ ተከድኖ ይሁን፤ እንዲቆይ ተቆርጦ የሚደርቀውም በጥላ እንጂ በፀሐይ አይሁን፥ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋልና።

ሕፃኑ በየዕድሜው

ከተወለደ እስከ 6 ወር፥ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ መጀመሪያ የሚወጣውም ቢጫ ወተት ቪታሚን ኤ የሞላበት ስለሆነ መደፋት የለበትም። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፥ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ ሊበላ ይገባዋል። ገንፎው 3 እጅ እህል 1 እጅ ጥራጥሬ ቢሆን፥ ቅቤ ወይም ዘይት፥ የተፈጨ ጎመን ወይም ብርቱካንማ ስኳር ድንች፥ ሲገኝም እንቁላል ወይም ዓሣ ቢጨመርበት፥ ይህ ልጅ የሽሮፕ ጠርሙስ አያስፈልገውም። ሊቃውንት ምግብን በ8 ወገን ከፍለው፥ ሕፃኑ በየቀኑ ቢያንስ ከ5ቱ እንዲያገኝ ይመክራሉ፤ ከ8ቱ አንዱ የእናት ጡት ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ነገር ግን ብዙ እናቶች ዕቃው ይነካካል በማለት በጾም ወራት ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት አያዘጋጁም። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ የሃይማኖት አባቶችም ይህን ለምእመናን ቢያስረዱ ቃላቸው ከሹም ቃል ይልቅ ይሰማል።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ሥራ

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ተናግሯል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ጸድቋል። ይህ ቃል የሚፈጸመው በቀበሌ ስለሆነ፥ ሹማምንት የሚከተሉትን እንዲያስቡባቸው እናሳስባለን።

አንደኛ፥ በየቀበሌው ቢያንስ አንድ፥ በጋውን የሚያልፍ የብርቱካንማ ስኳር ድንች ሐረግ ማቆያ እንዲኖር ማድረግ፤ ሐረጉም በሚታደልበት ጊዜ ለእናቶች እንጂ ለአባወራ ብቻ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ።

ሁለተኛ፥ የቪታሚን ኤ ዕደላ በሚደረግበት ቀን የእርሻ ባለሙያው ከጤና ባለሙያዋ ጋር አብሮ እንዲገኝ። እናቶች ለዕደላው በሚሰበሰቡበት ስፍራ ሐረጉና የጎመኑ ዘር ቢታደል፥ የገንፎውም አሠራር ቢታይ፥ አንዱ ጉባኤ ለሁለት ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ ስለ ዶሮ እርባታ ሲያስተምሩ የተሸጠውን እንቁላል ብቻ አለመቁጠር፤ ሕፃኑ የበላውም ይጠየቅ። የወረዳው ሪፖርት ኩንታሉን ሲያስፍር ልጁ ምን እንደበላ ካልጠየቀ፥ ምርቱ በዝቶ ልጁ ሊቀነጭር ይችላል።

አራተኛ፥ በገበያ የሚሸጠው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ከጤናና ከንግድ ሹማምንት ጋር መቆጣጠር።

አምስተኛ፥ ዳፍንት ያየዘውን፥ እጅግ የከሳውን ወይም የገረጣውን ልጅ ያየ የእርሻ ባለሙያ፥ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ሳይል ወላጆቹን ወደ ጤና ኬላ እንዲልክ ማዘዝ። ለእንዲህ ያለው ልጅ የጓሮው አትክልት እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም።

የተዘረዘረውን ሁሉ በአንድ ስንጠቀልለው፥ ወላጅ ለልጁ ቪታሚን ልግዛለትን ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፥ ሦስት ነገር ይመለስለት። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታደለውን ቪታሚን ኤ እንዳያስቀር፤ ሐኪም ያዘዘውንም እንዳያቋርጥ፤ ለሽሮፕ ያሰበውን ገንዘብ ግን ለእንቁላል፥ ለዓሣና ለጎመን ዘር ያውለው። እንቁላሏን ልትሸጥ ወደ ገበያ የምትወጣው እናትም ይህን ምክር በወቅቱ ከሰማች፥ እንቁላሉ በቤት ይቀራል፥ ልጅዋም ይበላዋል።